የሬዲዮ ምላስ

የጥርስ ክሊኒኩ ሠራተኞች ዋና ሐኪሟን ከኋላቸው «እርሳስ» ይሏቸዋል። ቅጥነታቸውን ማለታቸው አይደለም፤ እንዲያውም ደልደል ያሉ ሴት ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ከአሠራራቸው ነው። በእሳቸው ሥር የሚሠራ ሐኪም በታካሚ አፍ ውስጥ ቁስል፣ እብጠት ወይም ያልተለመደ ቀለም ካየ፣ ታካሚው ከወንበሩ ሳይነሳ እሳቸውን ማስጠራት አለበት። እሳቸውም መጥተው ታካሚውን በወጉ ሰላም ካሉ በኋላ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። አፉን አያዩም። ወረቀት ይስባሉ፣ እርሳስ ያነሳሉ፣ «እሺ፣ ንገረኝ» ይላሉ። ሐኪሙ ያየውን ይናገራል፤ እሳቸው የሰሙትን ብቻ ይስላሉ። ሲጨርሱ ሥዕሉን ይዘው ይነሱና ከታካሚው አፍ ጋር ያስተያዩታል። ከገጠመ እሰየው፤ ካልገጠመ ግን ስህተቱ የእርሳሱ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል።

ወጣቱ ሐኪም ይህን አሠራር የለመደው መሳቂያ ሆኖ ነው። ከኮሌጅ ሲወጣ የበሽታ ስም እንደ ውሃ የጠጣ ልጅ ነበር። በገባ ሰሞን አንድ የአውቶቡስ ሹፌር አፍ ውስጥ ያየውን እንዲናገር ሲጠየቅ፣ ረጅም የበሽታ ስም ሳይደናቀፍ ጠራ። እርሳስ ስም መሳል እንደማይችሉበት ነገሩት። ደነገጠና «ጉንጩ ውስጥ ነጭ ነገር አለ» አለ። ትንሽ ጫር ጫር አድርገው ወረቀቱን ወደ እሱ አዞሩለት። የሳሉት እንቁላል ነበር። ሰውየው አፍ ውስጥ ዶሮ ጥላ እንደሆነም በትሕትና ጠየቁት። ሹፌሩ አፉን እንደከፈተ ሊስቅ ሲል ምራቁ ትን አለው።

ከዚያ ወዲህ ቀስ እያለ ተማረ። መጀመሪያ የት እንዳለ ይናገራል፤ በታካሚው ግራ ነው ወይስ በታካሚው ቀኝ፣ ከየትኛው ጥርስ አጠገብ። ከዚያ ምን እንደሚያህል፣ ቅርጹን፣ ቀለሙን፤ ገጹ ለስላሳ ይሁን ሻካራ፤ ጠርዙ ከዙሪያው እኩል ይሁን ወይ ከፍ ያለ። ጎዝ በሚባለው ስስ የሕክምና ጨርቅ ሲጠረግ ይለቅ እንደሆነ፣ በጣት ሲዳሰስ ልል ይሁን ጠጣር፣ መቼ እንደጀመረ፣ የሚያም መሆን አለመሆኑን። ስም የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይመጣም። እርሳስ አንድ ቀን ሻይ እየጠጡ ምክንያቱን ነግረውት ነበር። «ሰው ስም የሰጠውን ነገር ማየት ያቆማል» አሉት። «አወቅኩት ብሎ ዓይኑን ያነሳል።» ያን ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። የገባው መስሎት ነበር።

አጎቱ ጫማ ሠሪ ነው። ወንድሙ ሲሞት ልጁን ወስዶ ያሳደገው፣ ከሱቁ ጥግ አስቀምጦ ያስጠናው፣ ለዚህ ወግ ያበቃው እሱ ነው። በሰፈሩ ትክክለኛ ስሙን ይዞ የሚጠይቅ ሰው አያገኘውም፤ «ሬዲዮ» ማለት ያስፈልጋል። ሱቁን ከከፈተ ጀምሮ እስኪዘጋ ድረስ ያወራል። ጥቃቅን ምስማሮችን ጉንጩ ውስጥ አጭቆ፣ አንድ በአንድ በከንፈሩ እያወጣ ሶል ሲመታ እንኳ አፉ አያርፍም። ደንበኛ ጫማውን አሠርቶ ሲወጣ የሰፈሩ ዜና ተመርቆለት ነው። አንድ ቀን ምስማሩን ትውጠዋለህ ብለው ለሚሰጉለት መልሱ አንድ ነው፤ እንኳን ምስማር ወሬም ውጬ አላውቅም ይላል።

ይኸው ሬዲዮ ታዲያ፣ በስተቀኝ ያለ የላይኛው መንጋጋ ጥርሱ ምግብ እየያዘ ቢያስቸግረው፣ በሚስቱ ጉትጎታ አንድ ጠዋት ወደ ክሊኒኩ መጣ። ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። ወንበሩ ላይ እስኪወጣ ድረስ የካርድ ክፍሏን ልጅ፣ የጽዳት ሠራተኛዋንና ወረፋ የሚጠብቀውን ሁሉ አስቆ ጨርሷል። ወጣቱ ሐኪም ጋውኑን ቆልፎ፣ ጓንቱን አጥልቆ ራስጌው ቆመ። ነርሷ አጠገቡ ስላለች ኮስተር አለና «አፍዎን ይክፈቱ» አለው።

አጎቱ ቀና ብሎ አየው። «አንቱ ያልከኝ ምን አጥፍቼ ነው፣ ማሙሽ?»

ነርሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ጋሼ፣ በናትህ። ክፈት።»

«እንዲህ በል እንጂ» አለና ከፈተ።

የጥርሱ ነገር ቀላል ነበር፤ አሮጌ ሙሌት ወልቆ ነው። ነገር ግን ለአንድ ጥርስ የመጣ ሰው ሙሉ አፉ ሳይታይ አይወጣም፤ ይህም የእርሳስ ሕግ ነው። ወጣቱ ሐኪም ከንፈሩን ገለበጠ፣ ጉንጮቹን ከፈተ፣ በትንሿ መስታወት ላንቃውን አየ። የምላሱን ጫፍ በጎዝ ይዞ ወደ ውጭ ሳበ። ሬዲዮ ምላሱ በሰው እጅ ውስጥ ሆኖም አንድ ነገር ሊተርክ ይታገል ነበርና፣ አንዴ ዝም እንዲል በቁጣ ነገረው። የቀኙ ጠርዝ ንጹሕ ነው። ምላሱን ወደ ቀኝ ስቦ የግራውን ጠርዝ ሲገልጥ ግን እጁ ቆም አለ።

ከታችኛው መንጋጋ ጥርሶች ጎን፣ ወደ ጉሮሮው ጠጋ ብሎ፣ አንድ ቁስል ነበረ።

ምላሱን ለቀቀለትና ይህ ምን እንደሆነ ጠየቀው። አጎቱ ነገሩን ከቁብም አልቆጠረው። ምስማር ነው አለ፤ ምስማር ወግቶት ነው፣ የሙያ ጣጣ ነው። ያምሃል ወይ ሲባል፣ ቢያመኝማ ዝም እል ነበር ወይ ብሎ ሳቀ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሲጠየቅ ጣሪያውን እያየ ትንሽ አሰበና፣ የሱቁን በር ሳላስቀይር ነው አለ።

ወጣቱ ሐኪም ምስማር የሚለውን ቃል ሲሰማ ልቡ መለስ አለ። እንዴት አይመለስ። ያን ጉንጭ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። የቤት ሥራውን እየሠራ ቀና ባለ ቁጥር የሚያየው የአጎቱን ግራ ጉንጭ ነበር፤ ምስማር ሞልቶት፣ ለውዝ እንዳጨቀ ሰው ተወጥሮ። ዛሬ ቁስሉም በግራ በኩል ነው። ነገሩ ግልጽ ነው። ምስማር አፉ ውስጥ ማኖሩን እንዲተው፣ በጨው ውሃ እንዲጉመጠመጥ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ እንዲታይ ይነግረዋል፤ መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው፣ መንስኤውን አስወግድና ጠብቅ። ይሄስ ለእርሳስ የሚነገር አልነበረም እያለ ሲያስብ፣ ነርሷ እንደ ልማዷ ልትጠራቸው ሄዳለች።

እርሳስ ገቡ። የተጠሩለት ታካሚ ማን እንደሆነ ሲያውቁ ሬዲዮን ደስ ብሏቸው ጨበጡት፤ ይህን ልጅ ያሳደገው እሱ መሆኑን ሰምተዋል። እሱም ጫማቸውን ዝቅ ብሎ አየና ተረከዙ ሊሄድ እንደሆነ፣ ብቅ ቢሉ እንደሚያበጅላቸው ነገራቸው። ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ወረቀት ሳቡ።

«እሺ፣ ንገረኝ።»

«በምላሱ ግራ ጠርዝ ላይ ምስማር የወጋው ቁስል አለ።»

እርሳሱ አልተንቀሳቀሰም። «ምስማሩ አሁን እዚያ አለ?»

«የለም።»

«ከሌለ አልስለውም። ያለውን ንገረኝ።»

ወጣቱ ሐኪም ጆሮው ሞቀ። አጎቱ ከወንበሩ ሆኖ በርታ የሚል ዓይነት ድምፅ አሰማ። ልጁ እንደገና ምላሱን ያዘና፣ መብራቱን አስጠግቶ፣ አሁን ለመናገር ሲል አየ። ለመናገር ሲያዩ ደግሞ ለማለፍ ሲያዩ እንደማለት አይደለም። በታካሚው ግራ፣ ከታችኛው ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስ ትይዩ ነው አለ። ከአተር ፍሬ አይበልጥም። ክብ አይደለም፣ አንድ በኩሉ ወደ ታች ዘለቅ ብሏል። መሐሉ ቀይ ነው፣ ጎርጎድ ያለ። ዙሪያውን ነጭ ከቦታል፤ ነጩ በጎዝ ሲጠረግ አይለቅም። ጠርዙ ከፍ ያለ ነው።

ይህን ሁሉ ሲናገር የእርሳሱ ጭርታ ይሰማ ነበር። በመጨረሻ ቆመ።

«ሲዳሰስስ?»

ወጣቱ ሐኪም አልዳሰሰውም ነበር። ያየውን ቁስል ሁሉ እንደ ልማድ የሚዳስስ እጅ፣ የአጎቱ ሲሆን ሳይሄድ እንደቀረ የገባው ገና አሁን ነው። ጣቱን ሰደደ። በጓንቱ ውስጥ የተሰማው፣ ለስላሳ ቆዳ ሥር የተረሳ የክር ቋጠሮ የሚመስል ነገር ነበር።

«ጠጣር ነው» አለ። ድምፁ ቀነሰ። «ከሥሩም ጠጣር ነው።»

«ያማል?»

ሬዲዮ ምላሱ እንደተያዘ ራሱን ነቀነቀ፤ አያምም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የሱቁን በር ሳያስቀይር ነው ብሏል» አለ ወጣቱ ሐኪም። ተናግሮ ሳይጨርስ ትዝ አለው። በሩ ሲተከል የያዘለት እሱ ራሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክረምት ገብቶ ወጥቷል።

እርሳስ ይህንንም በሥዕሉ ጥግ ጻፉት። ከዚያ የምስማሩን ነገር እሳቸው ራሳቸው አነሱት። ሰውየው ምስማር የሚያጭቀው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁ። ወጣቱ ሐኪም ወዲያው በግራ አለ። ጠይቀኸው ነው ሲሉት፣ መጠየቅ አላስፈለገኝም፣ ልጅ ሆኜ ዕድሜ ልኬን ያየሁት ነው አለ።

«ከየት ሆነህ?»

መጀመሪያ ጥያቄው አልገባውም። ከሱቁ ውስጥ፣ ከትንሿ ዱካ ላይ ሆኖ ነዋ። ዱካዋ የት ነበረች? ከአጎቱ ፊት ለፊት። እያንዳንዱን ታካሚ ከራስጌ ቆሞ የሚያይ ሰው፣ ግራው የታካሚው ግራ፣ ቀኙ የታካሚው ቀኝ ነው፤ ይህን ነገር እንቅልፍ እስኪነሳው ድረስ ተምሮታል። ልጅ ሳለ ግን ጋውን አልነበረውም። ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው ያየው።

ከራስጌው ተነስቶ ወንበሩን ዞረና ከአጎቱ እግር ሥር ቆመ።

«ጋሼ፣ እስቲ ምስማር እንዳጨቅክ ሁንልኝ።»

ሬዲዮ ግራ ተጋባ፤ ቢሆንም እሺ አለ። ጉንጩን ወጠረ። ለወጣቱ ሐኪም ያ የሚያውቀው ፊት ከነሙሉ ወዙ ተመልሶ መጣለት፤ ጉንጩም እንደድሮው በእሱ ግራ በኩል ተወጠረ። የአጎቱ ቀኝ ጉንጭ ነበር። ጠጋ ብሎ ከንፈሩን ከፈት ሲያደርግ፣ በፊት ጥርሶቹ ጫፍ ላይ ዘመን ሙሉ ምስማር የቆረቆረውን ትንሽ ጎድጓዳ አየ። እሱም በስተቀኝ ነው። በግራ በኩል ያለውን ምላስ ምስማር ነክቶት አያውቅም።

«በቀኝ ነው» አለ። «ምስማሩ በቀኝ ነው።»

እርሳስ ሥዕሉን ይዘው ተነሱ። ከአፉ ጋር አስተያዩት፣ አንገቱንና የመንጋጋውን ሥር በሁለት እጃቸው ቀስ ብለው ዳሰሱ፤ ንፍፊት የለም አሉ፣ ደህና ነው። ሬዲዮን ቀጥሎ ያለውን ነገር ልጁ እንደሚያስረዳው ነገሩት። በወጣቱ ሐኪም በኩል ሲያልፉ ትከሻውን ነካ አድርገው፣ «ለእኔ እንደነገርከኝ አድርገህ ንገረው» አሉትና ነርሷን ይዘው ወጡ።

በሩ ተዘጋ። የመብራቱ ጉርምርምታ ብቻ ይሰማል። ሬዲዮ ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ ያለ ዝምታ ሳያቋርጠው ያለፈ አይመስልም። ወጣቱ ሐኪም ጓንቱን አውልቆ ወንበሩን ቀና አደረገለት፤ ትንሿን ጎማ ያላት መቀመጫ ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። እንደ ድሮው ሆኑ። ያየውን ነገረው። ቁስሉ ብዙ ጊዜ ቆይቷል፣ አልዳነም። አያምም፤ አለማመሙ ግን የሚያስደስት ነገር አይደለም። ጠጣር ነው። ምስማር አላመጣውም።

«ስሙስ?» አለ አጎቱ።

«ስሙን አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩህ ስሙን አላውቅም እንድትለኝ ነው?» ሊስቅ ሞከረና ተወው። ሽርጡን ሳያወልቅ ነው የመጣው፤ ከኮቱ ሥር ብቅ ያለውን ጫፉን ያፍተለትላል። «ያ ክፉው በሽታ ነው?»

ወጣቱ ሐኪም በዚያች ቅጽበት አይደለም ለማለት ነፍሱን ይሰጥ ነበር። ቁስሉን የምስማር ነው ያለው ለዚህ እንደነበረ አሁን ገባው፤ አይደለም ለማለት።

«ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ከላዩ ትንሽ ተቆርሶ በላቦራቶሪ ካልታየ እኔም ዶክተሯም አናውቅም። ከሆነም ገና ትንሽ ነው።»

«ከምላሴ ላይ?»

«ከምላስህ ላይ። ደንዝዞ ነው፣ አይሰማህም።»

ሬዲዮ እጁን ወደ አፉ ወስዶ መለሰው። ከዚያ ማውራት ጀመረ፤ ሲፈራ የሚያደርገው እሱኑ ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት እንደሆነ፣ የተማሪ ጫማ እስከ ጣሪያ እንደተቆለለ፣ እናቶች በር ላይ እንደሚቆሙ፣ ይህ ግርግር ይለፍና ከዚያ በኋላ ረጋ ብለው እንደሚያዩት አስረዳ። ይሄን ያህል የቆየ ቁስል ትንሽ ቢጨምር ምን አለበት አለ። ምክንያቱ በምክንያት ላይ ተደረደረ፤ ሁሉም ደህና የተሰፋ ነበር።

ልጁ እስኪጨርስ አልጠበቀም። «ጋሼ፣ ሶሉ አፍ መክፈት ሲጀምር የሚያመጣልህ ሰው አለ። ቆዳው ተቀዶ፣ ፎርማውን ስቶ፣ ጣቱ ከወጣ በኋላ የሚያመጣልህም አለ። ኋለኛውን ምን ትለዋለህ?»

አጎቱ መልሱን ያውቀዋል፤ በቀን ስንት ጊዜ የሚለው ነው። ወለሉን አየ፣ የልጁን ጫማ አየ።

«እስከ ዛሬ የት ነበርክ፣ እለዋለሁ» አለ በመጨረሻ።

«እኔ እንደዚያ እንድልህ አታድርገኝ።»

ሬዲዮ እጁን ዘርግቶ የልጁን የጋውን ቁልፍ ነካ፤ አንዱ በሌላው ቀዳዳ ገብቶ ተዛንፎ ኖሯል። ፈትቶ በቦታው ቆለፈለት። «እሺ» አለ። «ለእትዬህ ግን አንተ ንገርልኝ። እኔ ካወራሁት አታምነኝም።»

እትዬ፣ የሬዲዮ ሚስት፣ ወጣቱ ሐኪም የነገራትን አምና ተቀበለች። እንዲያውም አንድ ነገር ጨመረች፤ ሰውየው ከረጅም ጊዜ ጀምሮ በአንድ በኩል ብቻ እንደሚያኝክ፣ ማታ ማታም ወሬው እንደቀነሰ ታዝባለች። ባትሪው ደክሟል እያልኩ እስቅ ነበር አለችና ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች።

ናሙናውን የወሰዱት እርሳስ ናቸው። ወጣቱ ሐኪም ምላሱን ብቻ ያዘ። ውጤቱ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ግን አለቀ ሲሉት የሚጎተት ሆነ። ሬዲዮ የተማሪ ጫማውን ይቸነክራል፤ ምስማሩን አፉ ውስጥ ማድረግ ስለተከለከለ፣ ከአሮጌ የድምፅ ማጉያ የወጣች ማግኔት በእጁ አንጓ ላይ አስሮ ምስማሩን እዚያ ይለጥፋል። ደንበኞች ሲጠይቁት ዘመን ተለውጧል ይላቸዋል። ወጣቱ ሐኪም በበኩሉ ታካሚ ሁሉ ምላሱን ባወጣ ቁጥር አጎቱ ይታወሰዋል፤ ነገር ግን አንድም ሰው ሳይዳስስ አላለፈም።

ውጤቱ ሲመጣ እርሳስ ወደ ክፍላቸው ጠሩት። ካንሰር ነው አሉት፤ ሳያለባብሱ፣ ሳያስጨንቁ። ከዚያ ቀጥለው ገና ስስ መሆኑን፣ ወደ ውስጥ እንዳልዘለቀ፣ እንዲህ ባለ ደረጃ የሚመጣ ሰው እምብዛም እንደማያጋጥማቸው ነገሩት። ብዙው የሚመጣው አፉን መክፈት ሲያቅተው ነው። ለሁለት ሳምንት ቀጥረኸው ቢሆን ኖሮ እንኳ ይመለስ ነበር ወይ ብለው አልጠየቁትም። እሱ ግን ጠየቀ፣ ለራሱ። የተማሪ ጫማው፣ ግርግሩ፣ ማሙሽ ምስማር ነው ብሎኛል የሚለው። አይመለስም ነበር።

በትልቁ ሆስፒታል ያሉት ቀዶ ሐኪም አንገቱንም ደረቱንም በምርመራ መሣሪያ አስነስተው ንጹሕ ሆኖ አገኙት። ሬዲዮ አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቃቸው፤ ከዚህ በኋላ አወራለሁ? ቀዶ ሐኪሙ የሚቆረጠው የጠርዙ ቁራጭ ብቻ እንደሆነ፣ ምላስ ደግሞ ታታሪ ጡንቻ እንደሆነ፣ ከተለማመደ እንደሚናገር ነገሩት። መለማመዱን ለእኔ ተዉት አላቸው ይባላል።

ቀዶ ሕክምናው ተደረገ፤ የተቆረጠው ቦታ እስኪጠግግ ግን ዝም ማለት ነበረበት። ሰፈሩ ይህን ችሎ መኖር አቃተው። ደንበኞች በር ላይ ቆመው የሚሉት ይጠፋቸዋል። ሬዲዮ ለአዎን በመዶሻው አንዴ፣ ለአይደለም ሁለቴ ጠረጴዛውን ይመታል፤ ክርክር ሲመጣ ግን ድብደባው እንደ ከበሮ ይሆናል። እትዬ ቤቱ ሰው የለቀቀው መሰለኝ እያለች ምሬቷን ለወጣቱ ሐኪም ትነግረዋለች፤ ድሮ የምትማረረው በተቃራኒው ነበር።

የመጀመሪያውን ቃል ያወጣው ሱቁ ውስጥ ነው። ለአንድ ደንበኛ ማስቲሹ እንዳልደረቀ ሊነግር ብሎ «ማሽቲሽ» አለ። ደንበኛው ሳቀ፤ ሬዲዮም ሳቀ፤ ከዚያ ጎረቤት ባለሱቆች ድምፁን ሰምተው መጡ። ጣቢያው ትንሽ ይንሿሿል አላቸው እያጎረበጠው፤ አንቴናውን ጫፉን ቆርጠውብኝ ነው። በዚያው ቀን የቀረውን ሁሉ፣ በዝምታው ዘመን ያጠራቀመውን፣ አወረደላቸው። የዋናው ዜና ርዕስ ምላስ ነበር። አላምም ያለን ቁስል አትመኑ፤ ሳይድን የሰነበተውን ነገር በመስታወት እዩት፤ ካላወቃችሁ ሄዳችሁ አስዩ። ምስማሮቹንም በአደባባይ ነጻ አወጣቸው። ያለጥፋታቸው ታምተዋል፣ ጥፋተኛው በወዲያኛው ሰፈር ነበር አለ፤ ወጣትነቱን በሙሉ ያጨሰው ሲጋራ አንድ ነገር ሳያውቅ አይቀርም። ይህን ሲናገር አይቀልድም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ በክሊኒኩ ካርድ ክፍል አዲስ ዓይነት ታካሚ መታየት ጀመረ። ልብስ ሰፊው፣ ሶፋ ሠሪው፣ ሁለቱ የጫማ ሠሪ ጎረቤቶች። ምንድን ነው ያመመህ ሲባሉ ምንም አላመመኝም፣ ሬዲዮ ልኮኝ ነው ይላሉ። አብዛኞቹ ደህና ነበሩ። ልብስ ሰፊው ጉንጭ ውስጥ አንድ ነጭ ልጥፍ ተገኘ፤ ልል ነው፣ ለስላሳ ነው፣ በየጊዜው እየታየ የሚጠበቅ ነው። ወጣቱ ሐኪም ይህን ለእርሳስ ሲነግር ከአንድ ቃል በቀር አላስደገሙትም።

ሬዲዮ ለክትትል የመጣው አንድ ጠዋት ነው። ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። አንጓው ላይ ያሰራት ማግኔት ከነምስማሯ ወንበሩ ብረት ላይ ተለጥፋበት፣ እሷን እስኪያላቅቅ ነርሷን አስቆ ፈጀ። እርሳስ ገቡ፤ አዲስ ተረከዝ አስመትተዋል፣ ወለሉ ላይ ድምፁ ይለያል። ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።

«እሺ፣ ንገረኝ።»

ወጣቱ ሐኪም የምላሱን ጫፍ በጎዝ ይዞ ወደ ቀኝ ሳበ። መብራቱን አስጠጋ። አየ፤ ከዚያ ጣቱን ሰደደ፣ ከላይ፣ ከጎን፣ ከሥር። አልቸኮለም።

«በታካሚው ምላስ ግራ ጠርዝ፣ ከታችኛው ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስ ትይዩ፣ አንድ ነጣ ያለ ቀጭን መስመር አለ። ከዙሪያው እኩል ነው። ገጹ ለስላሳ ነው። ቁስል የለውም። ሲዳሰስ ልል ነው፤ ከሥሩም ልል ነው። አያምም። አንገቱ ላይ ምንም የለም።»

እርሳሱ ጥቂት ብቻ ጫረ።

«ስሙስ?» አሉ እርሳስ። ስም ሲጠይቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ጠባሳ» አለ።

ሬዲዮ ምላሱ ሲለቀቅለት መጀመሪያ ያደረገው ሥዕሉን መጠየቅ ነው። እርሳስ አምጥተው ሰጡት። ወረቀቱ ላይ አንድ ምላስ፣ በምላሱም ላይ ፀጉር የምታህል አንዲት መስመር ነበረች። ከቅርብ አያት፣ ከሩቅ አያት።

«ይሄ ሁሉ ወሬ ለዚች?» አለ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ የሽርጡ ኪስ ውስጥ ከተተና፣ ይህ ሥዕል አንድ ደንበኛውን እንዳስታወሰው፣ ሰውየው የአንዱን እግር ጫማ ብቻ እያመጣ ሲያሠራ ዓመታት እንደኖረ፣ አንድ ቀን ግን ሁለተኛውን ሲያመጣ ምን እንደተፈጠረ መተረክ ጀመረ።

መጀመሪያ የመጣበት የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሙሌት ገና አልታየም ነበር። ወረፋ የሚጠብቅ ሰውም አለ። ወጣቱ ሐኪም መስታወቷን በእጁ እንደያዘ፣ ጎማ ያላትን መቀመጫ ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠና ታሪኩ እስኪያልቅ ጠበቀ።